በቤት ውስጥ የጠፋው ድሪም
(የቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሕይወትና ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰው ሆኖ እግዚአብሔርን ወዴት ላገኘው እችላለሁ ብሎ ያልጠየቀ የለም። አንዱ በገዳም ይገኛል ሲሉት ወደ ገዳም ይገሠግሣል፤ ሌላው በመጻሕፍት ይገኛል ሲሉት ገጽ ሲገልጥ ያድራል፤ ሌላውም በፍልስፍናና በምርምር ሊደርስበት ይደክማል። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስንሰበሰብ፣ በዩኒቨርሲቲም ከጓደኞቻችን ጋር ስንወያይ ይኸው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣብናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሰላስል የኖረውን፣ መልሱንም በወንጌል ውስጥ ካለች ከአንዲት አጭር ምሳሌ ያወጣውን የአንድ ታላቅ አባት ሕይወት ልናቀርብላችሁ ወደድን። ይህ አባት የኑሲሱ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነው። ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ትምህርቱ በሃይማኖተ አበው ከሌሎች ሊቃውንት ትምህርት ጋር ተሰብስቦ ይገኛል። ሕይወቱን ግን ብዙዎቻችን ጠንቅቀን አናውቀውም። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዘመናት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ብለን ከምንለየው ከአንዱ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ትውልዱና አስተዳደጉ

ቅዱስ ጎርጎርዮስ በ335 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፣ በጥንቱ አጠራር ጳንጦስና ቀጰዶቅያ ከሚባሉት አውራጃዎች ከወጣ ቤተ ሰብ ተወለደ። ቤተ ሰቡ በሀብትም በሃይማኖትም የታወቀ ነበር። የአባቱ ወላጆች በዘመነ ሰማዕታት ስለ ክርስቶስ ስም ቤታቸውን ጥለው በጳንጦስ ዱር ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል ተሰደው ኖረዋል። አያቱ ማክሪና የታላቁን መምህር የጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራትን ትምህርት ተቀብላ ለልጅ ልጆችዋ ያስተላለፈች ሴት ነበረች። አባቱ ባስልዮስ የንግግር ጥበብ መምህር ሲሆን፣ እናቱ ኤሚልያ ደግሞ በጸሎትዋና በምጽዋትዋ የተመሰገነች ነበረች። ከእነዚህ ወላጆች ከተወለዱት ልጆች መካከል ሦስቱ፣ ማለትም ታላቁ ባስልዮስ፣ ጎርጎርዮስና የመጨረሻው ልጅ ጴጥሮስ፣ ለኤጲስ ቆጶስነት በቅተዋል። የሁሉም ታላቅ የሆነችው እኅታቸው በአያትዋ ስም ማክሪና ተብላለች። በኋላ እንደምናየው የቤቱ ሁሉ መምህርት የሆነችው እርስዋ ናት።

ታላቁ ባስልዮስ በቂሣርያ፣ በቁስጥንጥንያና በአቴና ተምሮ የዘመኑን ጥበብ ሁሉ ጨርሶ ተመለሰ። ጎርጎርዮስ ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም። የተማረው በአገሩ ነው፤ ወንድሙ ባስልዮስም አስተምሮታል፤ የቀረውንም ራሱ እያነበበ ሞላው። ይሁንና ከሁለቱ ወንድማማቾች በፍልስፍና ጠልቆ የሄደው ጎርጎርዮስ እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። ስለዚህ ከእኛ መካከል ወደ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች የመግባት ዕድል ያላገኘ ሁሉ በዚህ አባት ታሪክ ሊጽናና ይገባዋል።

በወጣትነቱ ጎርጎርዮስ ለመንፈሳዊ ነገር ቸልተኛ ነበረ። ይህን የምናውቀው ራሱ ሳያፍር በስብከቱ ስለ ተናገረው ነው። እናቱ ኤሚልያ የሰብስጥያ አርባ ሰማዕታት፣ በእኛ ዘንድ አርባ ሐራ ሰማይ የምንላቸው ቅዱሳን፣ ዐፅም ባረፈበት ስፍራ በዓል ስታደርግ ጠራችው። እርሱም ሳይወድ መጣ። ሌሊቱን ሕዝቡ ሲጸልይ እርሱ በአትክልት ስፍራ ውስጥ ካለ ቤት ገብቶ ተኛ። በሕልሙም ወደ ጸሎቱ ስፍራ ሊገባ ሲል ወታደሮቹ ሰማዕታት በትር ይዘው ሲከለክሉት፣ ሊመቱትም ሲነሡ፣ አንዱ ብቻ ሲማልድለት አየ። ደንግጦ ነቃ፤ ስለ ቸልተኝነቱም በሰማዕታቱ ዐፅም ፊት አለቀሰ።

ከዚህ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አንባቢ ሆኖ አገለገለ። ነገር ግን ልቡ ገና አልጸናም ነበር። የንግግር ጥበብ መምህር መሆን፣ በሰው ዘንድም መታወቅ ስለ ማረከው የንባብ አገልግሎቱን ትቶ ወደ ዓለማዊው ሥራ ተመለሰ። የወንድሙ ወዳጅ የሆነው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በዚህ እጅግ አዝኖ ብርቱ የወቀሳ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ክርስቲያን ከመባል ይልቅ የንግግር ሰው መባልን መምረጡ ሕዝቡን እንደሚያሰናክል ገለጠለት። ብዙዎች ሊቃውንት ጎርጎርዮስ በዚህ ዘመን ትዳር ይዞ እንደ ነበረ ይገምታሉ። ምክንያቱም ስለ ድንግልና በጻፈው መጽሐፍ ራሱ የዚያ ሕይወት ተካፋይ እንዳልሆነና ውበቱን ከሩቅ ብቻ እንደሚመለከት በሐዘን ይናገራል።

ስለ ድሪሙ የሰጠው ትርጓሜ

ይህ ስለ ድንግልና የተጻፈው መጽሐፍ በ371 ዓ.ም. አካባቢ የተዘጋጀ ሲሆን ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ራስ የሆነውም ትርጓሜ የሚገኘው በዚሁ መጽሐፍ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታችን ስለ አንዲት ሴት ይናገራል። ሴቲቱ አሥር ድሪም ነበራት፤ አንዱ ጠፋባት፤ መብራት አበራች፤ ቤትዋንም ጠርጋ እስክታገኘው ድረስ ፈለገች፤ ባገኘችውም ጊዜ ወዳጆችዋንና ጎረቤቶችዋን ጠርታ ተደሰተች። ታሪኩ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ጎርጎርዮስ ግን ብዙዎቻችን የማናስተውለውን አንድ ነገር አስተዋለ። ድሪሙ የጠፋው በመንገድ አይደለም፤ በገበያም አይደለም፤ በገዛ ቤትዋ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ቤቱ የሰው ሰውነት፣ ውስጣዊውም ማንነቱ ነው ብሎ ተረጐመው። ድሪም የንጉሥ መልክ የተቀረጸበት ገንዘብ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በነፍሳችንም ውስጥ የንጉሡ የእግዚአብሔር መልክ በፍጥረታችን ተቀርጾአል። ኃጢአት ይህን መልክ ሸፈነው እንጂ ፈጽሞ አላጠፋውም፤ ከጉድፍ በታች ተቀብሮ ይገኛል። መብራቱ የተሰወረውን የሚገልጠው ልቡናችን ነው። መጥረጊያው በጥንቃቄ የሚኖሩት የንጽሕና ኑሮ ነው። ለደስታው የሚጠሩትም ጎረቤቶች ከነፍስ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩት ኃይላት፣ ማለትም ማሰብ፣ መመኘትና መቈጣት ናቸው። መልኩ በተገኘ ጊዜ እነዚህ ሁሉ ክፉ ሥራቸውን ትተው ለእግዚአብሔር ክብር ይሠራሉ። ሰው የሚመኘው መልካሙን፣ የሚቈጣውም በኃጢአት ላይ ይሆናል ማለት ነው።

ጎርጎርዮስ ከዚህ ጋር አያይዞ የሚያነሣው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ያለውን የጌታን ቃል ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን መንግሥተ እግዚአብሔር በመካከላችን እንዳለች ሆኖ ተተርጕሞአል። የግሪኩ ቃል ግን በውስጥ የሚል ፍችም አለው፤ ጎርጎርዮስም ያነበበው በዚህኛው ፍች ነው። ደግሞም ይህ መልክ የእኛ ድካም ያስገኘው ነገር እንዳልሆነ አጥብቆ ያስተምራል። መልኩን የሰጠ ፈጣሪ ነው፤ የእኛ ድርሻ በላዩ የተከመረውን ጉድፍ መጥረግ ብቻ ነው። ድሪም የሚሠራ ንጉሥ እንጂ ባለ ቤቲቱ አይደለችምና።

ሹመቱና ስደቱ

በ372 ዓ.ም. ታላቁ ባስልዮስ ወንድሙን የኑሲስ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ኑሲስ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የባስልዮስም አሳብ ወንድሙ ከመንበሩ ክብር እንዲቀበል ሳይሆን መንበሩን እንዲያከብር ነበረ። ጎርጎርዮስ ግን ለአስተዳደር ሥራ የተመቸ ሰው አልነበረም። ከመሾሙ አስቀድሞ እንኳ ባስልዮስንና የተጣላውን አጎታቸውን ለማስታረቅ ብሎ በአጎቱ ስም ደብዳቤ ጽፎ ለወንድሙ ላከ፤ ነገሩም በተገለጠ ጊዜ ባስልዮስ ስለ የዋህነቱ ክፉኛ ገሠጸው። አሳቡ በጎ ቢሆንም መንገዱ ስሕተት ነበረ። ቅዱሳን አባቶቻችንን ስናነብብ ይህን የመሰለውን ድካማቸውን መሸፈን አያስፈልገንም። እነርሱም እንደ እኛ ሰዎች ሆነው ሳሉ በጸጋ የከበሩ ናቸውና።

በዚያን ጊዜ የነገሠው ዋሌንስ የአርዮስ ትምህርት ደጋፊ ነበረ። የጳንጦስ አገረ ገዥ ዴሞስቴንስም ጎርጎርዮስን የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አጕድሎአል፣ ሹመቱም ሥርዓት አልጠበቀም በማለት አስከሰሰው። ወታደሮች ይዘው ሲወስዱት በመንገድ ታመመ፤ ከእጃቸውም አምልጦ ተሰወረ። በ376 ዓ.ም. አርዮሳውያን ጳጳሳት በሌለበት ፈርደው ከመንበሩ ሻሩት። ሁለት ዓመት ያህል በስደት ከቈየ በኋላ ዋሌንስ በነሐሴ ወር 378 ዓ.ም. በአድርያኖፕል ጦርነት ሞተ፤ ጎርጎርዮስም ወደ ኑሲስ ተመለሰ። ሕዝቡም በታላቅ ደስታና በእንባ ተቀበለው።

በማክሪና አልጋ አጠገብ

ደስታው ብዙ አልቈየም። ታላቁ ባስልዮስ ዐረፈ። ጎርጎርዮስ በወንድሙ ሐዘን እንደ ተሰበረ በ379 ዓ.ም. ገደማ በአንጾኪያ ከተደረገ ጉባኤ ሲመለስ ወደ እኅቱ ወደ ማክሪና ሄደ። ማክሪና በጳንጦስ በአይሪስ ወንዝ አጠገብ የቤተ ሰቡን ርስት ገዳም አድርጋው ነበር። በዚያ ገዳም እመቤቶች የነበሩትና ገረዶች የነበሩት ሴቶች በአንድ ማዕድ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው እንደ እኅትማማች ይኖሩ ነበር። በረኃብ ዘመን በየመንገዱ ወድቀው ያገኘቻቸውን ሴቶች አንሥታ ያሳደገችም እርስዋ ነበረች።

ጎርጎርዮስ ሲደርስ እኅቱ በጽኑ ታማ፣ ማቅ በለበሰ ሳንቃ ላይ ተኝታ በመሬት አገኛት። ሊያጽናናት መጥቶ እርስዋ አጽናናችው። ስለ ባስልዮስ ሞት ሲያለቅስ፣ ትንፋሽ እያጠራት ስለ ነፍስ ባሕርይና ስለ ሙታን ትንሣኤ ታስተምረው ጀመር። ያን ንግግር በኋላ በመጽሐፍ ጽፎ አስቀርቶልናል፤ በመጽሐፉም ውስጥ እርሱ ጠያቂ ተማሪ፣ እኅቱ ደግሞ መልስ ሰጪ መምህርት ሆና ትታያለች። በማግሥቱ በሠርክ መብራት በቀረበ ጊዜ የማታውን ጸሎት በከንፈርዋ ፈጽማ፣ በፊትዋ ላይ አማትባ ዐረፈች። ሲገንዙዋት በደረትዋ ላይ ትንሽ ጠባሳ ታየ። አብራት የኖረች አንዲት ሴትም ታሪኩን ለጎርጎርዮስ ነገረችው። ማክሪና በዚያ ስፍራ ክፉ ዕባጭ ወጥቶባት ለሐኪም መገለጥን እምቢ ብላ ሌሊቱን ስትጸልይ አደረች፤ እናትዋም በመስቀል ምልክት አማተበችባት፤ ዕባጩም ጠፍቶ የቀረው ያ ጠባሳ ብቻ ነበረ።

እኛ እንደምናስተውለው ጎርጎርዮስ አስቀድሞ በመጽሐፍ የጻፈውን በዚህች ሌሊት በዓይኑ አየው። ሥጋዋ ሲደክም በውስጥዋ የነበረው መልክ ይበልጥ ያበራ ነበርና። ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ታላላቅ መጻሕፍቱን እየተከታተለ ጽፎአል።

የልብ መስተዋት

በ381 ዓ.ም. 150ው ሊቃውንት በቁስጥንጥንያ ሲሰበሰቡ ጎርጎርዮስ ከታወቁት መምህራን አንዱ ነበረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ ባወጣው ሕግ፣ አብያተ ክርስቲያናት ለቀናው ሃይማኖት እንዲመለሱ ሲያዝዝ፣ ማን የቀናውን እምነት እንደሚይዝ የሚታወቀው ከተጠቀሱት ጳጳሳት ጋር ባለው አንድነት ነው ብሎ ከስም ዝርዝሩ ውስጥ ጎርጎርዮስን አገባው። ሌባ ተብሎ ከመንበሩ የተባረረው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ የሃይማኖት መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

በዚሁ ዘመን የሚከራከረው አውኖምዮስ ከሚባል መናፍቅ ጋር ነበረ። አውኖምዮስ የእግዚአብሔርን ባሕርይ በአእምሮ ፈጽሞ ማወቅ ይቻላል ይል ነበር። ጎርጎርዮስ ግን የእግዚአብሔር ባሕርይ ከፍጡር አእምሮ ሁሉ በላይ ነው ብሎ ብዙ መጻሕፍት ጻፈበት። እንግዲህ በዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ልበ ንጹሖች እግዚአብሔርን እንደሚያዩ ተናግሮአል፤ ዮሐንስ ወንጌላዊ ደግሞ እግዚአብሔርን ያየ ማንም እንደሌለ ጽፎአል። ሁለቱ ቃላት እንዴት ይታረቃሉ?

ጎርጎርዮስ ስለ ብፅዕና በሰበከው ስድስተኛ ስብከቱ መልሱን ሰጠ። ስለ ጤና ብዙ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ጤና ያለው ነው ጤነኛ የሚባለው። እንደዚሁም ብፁዕ የሚያሰኘው ስለ እግዚአብሔር ጥቂት ማወቅ ሳይሆን እግዚአብሔርን በውስጥ መያዝ ነው። ብረት በዝገት ሲሸፈን ይጠቍራል፤ በመሳያ ድንጋይ ሲሳል ግን ያበራል፣ የፀሐይንም ጨረር መልሶ ያንጸባርቃል። የሰውም ልብ የክፋት ዝገት በተወገደለት ጊዜ የተፈጠረበትን መልክ መልሶ ያሳያል። ፀሐይን በመስተዋት የሚያይ ሰው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ክበቡን ባይመለከት እንኳ በእርግጥ ፀሐይን አይቶአል። ልቡን ያነጻም እንዲሁ የማይታየውን በራሱ ንጽሕና ውስጥ ያየዋል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። መስተዋት ፀሐይ አይደለም። በዘመናችን አንዳንዶች እግዚአብሔር በውስጤ ካለ ቤተ ክርስቲያን ምን ታደርግልኛለች፣ ጸሎትና ጾም ምን ይጠቅመኛል ሲሉ እንሰማለን። ከዚህም አልፈው ሰው ራሱ አምላክ ነው የሚሉ አሉ። ጎርጎርዮስ ከዚህ ወገን አይደለም። መስተዋት የራሱ ብርሃን የለውም፤ ፊቱን ከፀሐይ ካዞረ ጨለማ ነው። እርሱም ለመምህራን መመሪያ እንዲሆን በጻፈው መጽሐፍ በጥምቀት ዳግመኛ መወለድ፣ በቅዱስ ቍርባንም ከክርስቶስ ጋር አንድ መሆን እንደሚያስፈልግ አስተምሮአል። ወደ ውስጥ መመልከት ከቤተ ክርስቲያን መውጣት አይደለም።

ወደ ኢየሩሳሌም ያደረገው ጉዞ

ከጉባኤው ጋር በተያያዘ ተልእኮ ጎርጎርዮስ ወደ ዐረብ አገር ተላከ፤ በዚያውም ኢየሩሳሌምን ተሳለመ። ንጉሡ ሠረገላ ሰጥቶት ነበርና ሠረገላዪቱ ለእርሱና ለባልንጀሮቹ ቤተ ክርስቲያንም ገዳምም ሆነችላቸው፤ በመንገዱ ሁሉ በውስጥዋ መዝሙር እየዘመሩ፣ እየጾሙም ተጓዙ። ቅዱሳት መካናትን ባየ ጊዜ ደስ አለው። ነገር ግን በዚያ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ፣ ክፋትም በከተማዪቱ ሲበዛ አይቶ አዘነ። በኋላ በጻፈው ደብዳቤ የቦታ መለወጥ ብቻውን ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ አስረዳ። በክፉ አሳብ የተሞላ ሰው በጎልጎታ ቢቆም እንኳ ክርስቶስን ከመቀበል ሩቅ ነው፤ የነፍሱን ማደሪያ ያዘጋጀ ሰው ግን ባለበት ስፍራ እግዚአብሔር ይመጣለታል።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል። በየዓመቱ ወደ ገዳማትና ወደ አድባራት ጉዞ እናዘጋጃለን፤ አውቶቡስ ሙሉ ሆነን እየዘመርን እንሄዳለን። መልካም ነው፤ ጎርጎርዮስም ቅዱሳት መካናትን አልናቀም። ነገር ግን ከወንድማችን ጋር እንደ ተኳረፍን ሄደን እንደ ተኳረፍን ከተመለስን፣ የተጓዘው እግራችን እንጂ ልባችን አይደለም። ድሪሙ እቤት ቀርቶአል ማለት ነው።

የእግዚአብሔርን መልክ በስንት ይገዙታል?

አንድ ሰው እግዚአብሔርን በውስጡ ማግኘቱ በምን ይታወቃል? ጎርጎርዮስ መልኩ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ ካለ በኋላ አሳቡን እስከ መጨረሻው ተከተለው። መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም፣ ሰሎሞን ወንድና ሴት ባሪያዎችን እንደ ገዛ ከሚናገረው ስፍራ ሲደርስ፣ ባርነትን ራሱን ነቀፈ። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረውን ሰው በምን ያህል ገንዘብ ሊገዙት ይቻላል ብሎ ጠየቀ። ሰው በምድር ሁሉ ላይ ገዥ ሆኖ ተሹሞአልና ዓለም ሁሉ እንኳ ዋጋው ሊሆን አይችልም። ሻጩና የሚሸጠውም በመወለድ፣ በሕመም፣ በሞትና በፍርድ አንድ ናቸው። በዚያ ዘመን ባርነት በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ከክርስቲያኖችም ብዙዎች ባሪያዎች ነበሩአቸው፤ ሊቃውንቱም ስለ ባሪያዎች አያያዝ ይመክሩ ነበር እንጂ ነገሩን ከሥሩ እንደ እርሱ የነቀፈ ብዙ አልተገኘም። በማክሪና ገዳም እመቤትና ገረድ በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ ያየ ሰው ይህን መስበኩ አያስደንቅም።

በአገራችን የባርነት ሥርዓት ፈጽሞ እንዲቀር በአዋጅ የተደነገገው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ጎርጎርዮስ ከሰበከ ከ1500 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። አዋጁ ከወጣ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ጥያቄው ከእኛ አልራቀም። በቤታችን ምግብ የምታበስለውን ልጅ እንዴት ነው የምንጠራት? ማዕዱ ሲቀርብ እርስዋ የት ትቀመጣለች? በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠውን ነዳይ ሳንቲም ስንሰጠው ፊቱን እናያለን ወይስ እጁን ብቻ? በራሳችን ውስጥ የንጉሡን መልክ አገኘን ብለን በሌላው ላይ ካላወቅነው፣ ያገኘነው ድሪም ሐሰተኛ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ጨለማው ደመና

በሽምግልናው ወራት ጎርጎርዮስ የሙሴን ሕይወት ተርጕሞ ጻፈ። ሙሴ አስቀድሞ እግዚአብሔርን በቍጥቋጦው ውስጥ በብርሃን አየው፤ ቀጥሎ በደመና መራው፤ በመጨረሻም በሲና ተራራ ወደ ጨለማው ገባ። ጎርጎርዮስ እንደ ተረጐመው ነፍስም እንዲሁ ናት። መጀመሪያ ከስሕተት ጨለማ ወደ ብርሃን ትወጣለች፤ እየቀረበች በሄደች መጠን ግን እግዚአብሔር ከእውቀትዋ በላይ መሆኑን ታውቃለች፤ ይህ አለማወቅም የእውነተኛው እውቀት መጀመሪያ ይሆንላታል። ሙሴ ክብርህን አሳየኝ ብሎ ሲለምን ጀርባውን ብቻ እንዲያይ ተፈቀደለት። ጀርባን የሚያይ የሚከተል ሰው ነው፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን ማየት ማለት እርሱ ወደሚመራበት ሁሉ መከተል ነው ብሎ ተረጐመው። ይህም መንገድ መጨረሻ የለውም፤ ያገኘ ሰው ይበልጥ ይራባል፤ የደረሰ ሰው ገና ይጀምራል።

የጎርጎርዮስ ስም በመጨረሻ የሚገኘው በ394 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ በተደረገ ጉባኤ ከተገኙት አባቶች መካከል ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቈይ፣ በ395 ዓ.ም. ገደማ፣ እንዳረፈ ይታመናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን?

ከእኛ መካከል በኃጢአት ወድቆ እግዚአብሔር ከእኔ ርቆአል፣ ከእንግዲህ አልመለስም ብሎ ተስፋ የቈረጠ ወጣት ይኖራል። ከጉባኤ የቀረበትንም ምክንያት ለማንም አልነገረ ይሆናል። ለእርሱ ይህ ታሪክ የምሥራች ነው። ድሪም በጉድፍ ውስጥ ቢወድቅ ዋጋው አይጎድልም፤ የንጉሡም መልክ አይፋቅም። ከዚህም በላይ የጠፋው ከቤት ውጭ አይደለም። በሕልም ሰማዕታት ያስደነገጡት፣ የንባብ አገልግሎቱን ትቶ የሄደ፣ በየዋህነቱ የተገሠጸ ያ ወጣት የቤተ ክርስቲያን መምህር ለመሆን በቅቶአል።

ደግሞም በእውቀቱ የሚመካ፣ ጥቅስ እየጠቀሰ ሁሉን የሚረታ ወጣት ከእኛ መካከል አይጠፋም። ለእርሱም ተግሣጽ አለው። ስለ ጤና ማውራት ጤነኛ አያደርግም። ስለ መብራቱ ስንከራከር መብራቱን ሳናበራ እንዳይመሽብን እንፍራ።

ስለዚህ በየዕለቱ ጥቂት ጊዜ ለይተን ቤታችንን እንጥረግ። ማታ ከመተኛታችን በፊት በቀኑ ውስጥ ማንን እንዳስቀየምን፣ በምን እንደ ዋሸን፣ ማንን እንደ ናቅን በጸሎት መብራት እንመርምር፤ የተገኘውንም ጉድፍ ወደ ንስሐ አባታችን ይዘን እንሂድ፤ የበደልነውንም ወንድማችንን ነገ ሳንል ይቅርታ እንጠይቅ። ሴቲቱ ድሪምዋን ያገኘችው በአንድ ጊዜ ጠረጋ አይደለም፤ እስክታገኘው ድረስ በመፈለግዋ ነው።

ቸሩ አምላካችን የተሸፈነውን መልኩን በእያንዳንዳችን ልብ እንዲገልጥልን፣ በወንድሞቻችንም ላይ እንድናውቀው ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን። የቅዱስ ጎርጎርዮስና የእኅቱ የቅድስት ማክሪና ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።